መልስ፦ ዓመት ያልሞላው ክለብ ምን ትቶ አለፈ?

ወንድሜ፣ "የለንደኑ ዩፎ የሙዚቃ ክለብ ዓመት እንኳን ሳይሞላው ተዘግቶ ለምንድነው እስካሁን የሚወራለት" ላልከው፣ እኔ ነገሩ ከዕድሜ ጋር አይገናኝም ባይ ነኝ። በፈረንጆቹ ታህሳስ 1966 ጆን ሆፕኪንስና ጆ ቦይድ ናቸው የከፈቱት፣ ቶተንሃም ኮርት ሮድ ላይ የአይሪሾች ዳንስ ቤት ነበረ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ እሱን አርብ ማታ እየተከራዩ እስኪነጋ ማለት ነው። ፒንክ ፍሎይድ የሚባሉት የሮክ ባንድ ገና አልበም ሳያወጡ እዛ ይጫወቱ ነበር፣ ሶፍት ማሽን የሚባለው ባንድም እንደዛው፣ በሬዲዮ ዘፈን ሦስት ደቂቃ በሆነበት ዘመን እነሱ አንዱን ዜማ እስኪበቃቸው ይወስዱታል፣ ባለቀለም ፈሳሽ በፕሮጀክተር ባንዱ ላይም ግድግዳው ላይም ይፈስሳል። ሰውም ዝም ብሎ ተመልካች አልነበረም፣ ልክ እኛ ጎጃም አዝማሪ ቤት ግጥም እየሰጠን አዝማሪው እንደሚቀበለን ታዳሚው የዝግጅቱ አካል ነው። ለኔ ትልቁ ውርሱ ይሄ ነው!

ፖስተሮቹም አሉ፣ ማይክል ኢንግሊሽና ናይጄል ዌይማውዝ የሰሯቸው፣ ያኔ መንገድ ላይ የሚለጠፉት ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገብተዋል።

አዘጋጉ ያሳዝናል። ሆፕኪንስ ሰኔ 1967 በካናቢስ ታሰረ፣ ጋዜጣ ስማቸውን ሲያጠፋ ቤቱን ተከለከሉ፣ ራውንድሃውስ የሚባል ሌላ አዳራሽ ገቡ፣ እዛ ኪራዩ አላስቆም አላቸውና በጥቅምት አለቀ።

ባህርዳር ኔት ደህና ሲሆንልህ የፒንክ ፍሎይድን የ1967 የመጀመሪያ አልበም አውርድ፣ ወደ አስር ደቂቃ የሚጠጋ ያለ ግጥም የሚሄድ ስራ አለበት፣ ከሱ ጀምር፣ በደህና ኢርፎን ስማው።