ስለ ማን ይናገራል?

ለጎንደር ወጣቶች፤ ልጆቼ፣

መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀምራችሁ መንገድ ላይ የተዋችሁት ብዙ ናችሁ። ለምን ስትባሉ «ጊዜ የለኝም» ትላላችሁ፤ ለስልካችሁ ግን ጊዜ አላጣችሁም። የተዋችሁት ስላልጣማችሁ ነው፤ ያልጣማችሁም ስላልገባችሁ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬን ጃንደረባ (የተሰለበ ሹም) አስተውሉት። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ንባቡን ሰማ፤ ሰውየው ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበርና። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲባል ያ ሁሉ ሹመት እያለው አላፈረም፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ከዚያም አንዲት ጥያቄ ጠየቀ፦ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» በእጁ የነበረው ክፍል በዛሬው አቆጣጠር ኢሳይያስ 53፥7-8 ነው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ። ታሪኩ ሲያልቅ፣ ከተጠመቀ በኋላ፣ «ደስ ብሎት» መንገዱን ሄደ። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ አጭር ክፍል፣ የጠራች ጥያቄ፣ የሚመራ ሰው፤ የእኔም ምክር ከእነዚህ አራቱ አይወጣም።

ከዘፍጥረት ጀምሮ በተራ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ዘፀአት 25 ላይ ይቆማል። እስከዚያ የሚበዛው ታሪክ ነበር፤ ድንገት የመገናኛው ድንኳን ልክ፣ ክንድ፣ ወርድ፣ ቁመትና መጋረጃ ይመጣል። እዚያ የደረሰ ሰው ጠመኔ ይያዝ። ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው፤ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የታቦቱ ርዝመት 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ 1 ክንድ ተኩል ነው፤ ወለላችሁ ላይ ብትስሉት 112 በ67 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ካያችሁት በኋላ ምዕራፉ አይደርቅባችሁም። መቅደስ፣ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት ተብሎ በሦስት በተከፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ልጅ ደግሞ የድንኳኑ አከፋፈል ባዳ አይሆንበትም።

ለጀማሪ ግን ማርቆስ ይሻላል። 16 ምዕራፍ፣ 678 ቁጥር ነው። በቀን 15 ቁጥር ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን ብታነቡ በ9 ሳምንት ያልቃል። ለአንድ ቀን 25 ደቂቃ ይበቃል፦ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ አንድ ጊዜ በዝምታ ማንበብ፣ የቀረውን ጊዜ መጻፍ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ፤ ገጹን ለሦስት ክፈሉት፦ ያስቆማችሁ ቃል፣ ጥያቄው፣ መልሱ። ሦስተኛው ዓምድ ለሳምንታት ባዶ ቢቀር አትደንግጡ። ባዶውን ዝም ብሎ ለመሙላት መቸኮል ነው የሚያበላሸው።

ለምሳሌ ማርቆስ 5፥21-43ን ውሰዱ። ኢያኢሮስ ልጁ ልትሞት ስለሆነች ጌታን ይዞ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ደም የሚፈስሳት ሴት ትገባና ጉዞው ይዘገያል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ሁለት ተአምር ቆጥሮ ያልፋል። ድምፅ አውጥቶ ያነበበ ግን 12 የሚለውን ቁጥር ሁለቴ ይሰማዋል፤ ሴቲቱ የታመመችው 12 ዓመት፣ ብላቴናይቱም የ12 ዓመት ልጅ ናት። አንዷ በተወለደችበት ዘመን ሌላዋ መድማት ጀምራለች ማለት ነው። ደግሞም ጌታ ያችን ሴት ምን ብሎ ጠራት? «ልጄ ሆይ»። አባት ስለ ልጁ ነፍሱ ተጨንቃ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ! ቀጥሎ ሞቷን የሚያረዱት መልእክተኞች ይደርሳሉ። መጨረሻ ላይ «ጣሊታ ቁሚ» የሚለው ቃል በአራማይክ ነው፤ ወንጌላዊው ለአንባቢዎቹ ፍቺ መጨመር ነበረበት። እኛ «ቁሚ»ን ያለ አስተርጓሚ እንሰማዋለን፤ ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸውና። እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ዓይን ያገኘ ልጅ በማግስቱ ደብተሩን የሚገልጠው ሳይቀሰቀስ ነው።

ይህ አካሄድ ለከተማችን አዲስ አይደለም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው እንዳይደርስባችሁ እንጂ ጎንደር የአንድምታ ትርጓሜ አገር ናት፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የተባሉት የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች መምህራን የተነሡባት፣ የታች ቤቱ የመምህር ኤስድሮስ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራባት። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ (የትምህርት ክፍል) ሲማሩ፣ አስቀድሞ ግእዙ ይነበባል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ነው «አንድም» እየተባለ ሌላው ምሥጢር የሚደረደረው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ዛሬ የማየው ስሕተት ከ«አንድም» መጀመር ነው፤ ቃሉ ምን እንደሚል ሳይታወቅ ለእኔ ምን ይለኛል ይባላል። «አንድም» የመጣልንን ሁሉ የምንጭንበት አህያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፍቺ ንባቡን ተሸክሞ መቆም አለበት።

የተቆረጠ ጥቅስም ሌላው ችግር ነው። ማትሪክ ሲደርስ ፊልጵስዩስ 4፥13 ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፦ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ»። ከፍ ብላችሁ ቁጥር 12ን አንብቡ፤ ጳውሎስ የሚናገረው ስለ መጥገብና ስለ መራብ፣ ስለ መብዛትና ስለ መጉደል ነው፤ ያውም ታስሮ ሳለ። አልፎም ወድቆም ለሚመጣ ተማሪ የተጻፈ ነው። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለውም እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 4 ላይ፣ ከዚያው እስራት የወጣ ነው። የምዕራፍና የቁጥር ምልክቶች በኋላ ዘመን የገቡ ስለሆኑ ሐሳብ መሐል ይቆርጣሉ፤ የጃንደረባው ክፍል እንኳ ሐሳቡ የሚጀምረው ኢሳይያስ 52፥13 ላይ «እነሆ፥ ባሪያዬ» ሲል ነው። ሁልጊዜ ከ5 እስከ 10 ቁጥር ወደ ኋላ ሂዱ።

ኢሳይያስ 53፥8ን ከሐዋርያት ሥራ 8፥33 ጋር ስታስተያዩ ቃሉ አንድ ካልሆነ አትረበሹ። የሐዋርያት ሥራ ጥቅሱን የወሰደው ከግሪኩ ብሉይ ነው፤ የግእዙ ብሉይም ከዚያው የተተረጎመ ነው። መዝሙር ላይም እንዲሁ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ ዳዊት 22ኛ፣ በዕብራይስጡ 23ኛ ነው፤ ግሪኩ 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር። ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት ጥቅስ) ፈልጋችሁ ሌላ መዝሙር ከወጣባችሁ አንድ ቁጥር ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

ምስባክን ካነሣሁ አይቀር፣ ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ንባብ የየዕለቱን ንባብ ከሚያመለክተው መጽሐፍ ከግጻዌ አውጥታችሁ አንብቡ፦ ጳውሎሱን፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት አንዱን፣ ግብረ ሐዋርያቱን፣ ሦስት መስመር ምስባኩን፣ ወንጌሉን። ማልዳችሁ ቅዳሴ ስትቆሙ የሚነበበውን ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የምትስሙም፣ ስቅለቱ የተሣለበት ግድግዳ ፊት ከመቆማችሁ በፊት ማርቆስ 15ን አንብባችሁ ሂዱ።

መምህር ስትጠይቁ ጥያቄዋን ጽፋችሁ፣ ምዕራፍና ቁጥሯን ይዛችሁ ሂዱ። «አባ፣ ራእይን ያስረዱኝ» ላለ ልጅ መምህሩ ከየት ይጀምሩለት? «የኔታ፣ እዚህ ጋ ስለ ማን ነው የሚናገረው?» ላለ ግን መልሱ ቅዳሴ ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይደርስለታል።

ፊልጶስ ከጃንደረባው ሲለይ መጽሐፉ እዚያው ሠረገላው ላይ ቀርቷል። ከኢሳይያስ 53 ሦስት ምዕራፍ ወረድ ብሎ 56፥3 ላይ «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» የሚል ቃል አለ። ሉቃስ እዚያ ደረሰ አይለንም። መንገዱ ግን ረጅም ነበር።