ክራር ከመግዛታችሁ በፊት

አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ሻንጣ ሲከፈት በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ይወጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ክራር አብሮ ብቅ ይላል። ከስጦታ ዕቃ ሱቅ የተገዛ፣ በቀለም ያጌጠ፣ ገበታው ላይ ሥዕል ያለበት። ክራሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ያወርደዋል፣ አንዴ ግርፍ ያደርገዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ልጆቹ ስለ ክራሩ የሚያውቁት "ተው፣ ትሰብረዋለህ!" የሚለውን ነው።

ለጌጥ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቤት ያሳምራል። "ልጄ ይማርበት" ብላችሁ ከሆነ ግን ብራችሁን አታባክኑ። ለጌጥ የተሠራ ክራር ቅኝት አይዝም። አሁን ቃኘሁት ስትሉ ወዲያው ይረግባል። ልጅ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዕቃው ይቆይና መጀመሪያ ጆሮ ይገራ። ዘፈናችን የሚሄደው በቅኝት ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። አገር ቤት ያደግን ሰዎች ማንም ሳያስተምረን ከሬዲዮ፣ ከሰርግና ከጎረቤት ለቃቅመነዋል። ሚኒሶታ ወይ ፍራንክፈርት የተወለደ ልጅ ከየት ያምጣው? መኪና ውስጥ ክፈቱለት። አብራችሁ አንጎራጉሩ። ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትፈሩ፣ ልጃችሁ እንደሆነ አይፈርድባችሁም።

ጭብጨባም እንደዚያው ነው። ችክችካ የሚባለው ምታችን ስድስት ስምንተኛ ነው፣ በስድስት ይቆጠራል። የፈረንጅ ፖፕ ሲሰማ ያደገ ልጅ ሁሉንም በአራት ሊቆጥረው ይሞክራል፣ እስክስታ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ሰርግ ላይ ከአክስቶቹ መሀል አቁሙትና እየተሳሳተ ያጨብጭብ። ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

ጆሮው አንዴ ከተገራ መሣሪያው የቱም ቢሆን ይታዘዝለታል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ሳክስፎን ወይ ትራምፔት ይዞ ሲመጣ "ይሄ የነሱ ነው፣ የኛን ተማር" ይለዋል። ኧረ በስማም! ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ያወረደው በምን ሆነና? በሳክስፎን አይደለም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፈው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ እንኳ ዘ ኤክስ ከሚባል የኔዘርላንድ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ሲያስጨንቀው ነበር። የነሐስ መሣሪያም ቢሆን ዛሬ የገባ እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ "አርባ ልጆች" የሚባሉት፣ በባንድ ሆነው መንፋት ከጀመሩ መቶ ዓመት አልፏል። ቦስተን ውስጥ ደቦ ባንድን ያቋቋመው ዳኒ መኮንንም የሳክስፎን ተጫዋች ነው።

ቤታችሁ ፒያኖ ወይ ኪቦርድ ካለ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ምቱ። ይሄ ሜጀር ትዝታ ነው። አሁን ሚን እና ላን ትታችሁ ከሁለቱም በስተግራ ያለውን ጥቁር ቁልፍ ንኩ፣ ሌላው ባለበት ይሁን። ማይነር ትዝታ ሆነላችሁ። አንጀት ሲበላ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ልጁን ልቀቁት፣ በነዚህ አምስት ድምፆች እንደፈለገ ይጫወት። የቱንም ቢመታ ቅኝቱን አይለቅም። ሙዚቃ አልችልም የሚል ልጅ በዚህች ብቻ ሲፈካ አይቻለሁ።

"አይ፣ እኔስ ክራር ነው የምወደው" ላላችሁ፣ እሺ። መግዛት ያለባችሁ ከሚጫወት ሰው ጋር ሆናችሁ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ብር ልኮ "ክራር ግዛልኝ" ማለት ዋጋ የለውም። ዘመዳችሁ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ወይ የባህል ምሽት ቤት ተጫዋች ይዞ ይሂድ። ተጫዋቹ ቃኝቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይምታበት። ቅኝቱ ከወረደ ሌላ ያንሱ። ለጀማሪ እኔ የጊታር መቃኛ ቁልፍ የተገጠመለትን እመርጣለሁ። ባህል አዋቂዎቹ ይቆጡኝ ይሆናል፣ ግን ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት) ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ እያዞረ ሲቃኝ የሚያመሽ ጀማሪ ሳይጫወት ይተኛል። ስልክ ላይ በነፃ የሚገኝ መቃኛ መተግበሪያ ጫኑ፣ ትርፍ ክርም ያዙ።

ጊታር የምትችሉ ሰዎች ክራር ላይ መጀመሪያ ትደናገራላችሁ። በግርፍ ስትጫወቱ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ክሮቹን ነክተው ያፍናሉ። እንዲሰማ የምትፈልጉት ክር ላይ ያለውን ጣት ብቻ ታነሳላችሁ። ጊታር ላይ ስትጫኑ የሚመጣው ድምፅ ክራር ላይ ስትለቁ ነው የሚመጣው። እጅ እስኪለምደው ያናድዳል። አንድ ቀን ግን ሳታስቡት ይሄዳል።

መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል። አትሸወዱ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የፈረስ ጭራ ክሩን ጣት ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም፣ ድምፁ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ምልክትም የለም። ቫዮሊን የነካ ሰው ቢጀምረው ይሻላል፣ የቫዮሊኑንም ሙጫ ለደጋኑ ይጠቀምበታል። ዋሽንት ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ቁመቱ ነው ድምፁን የሚወስነው፣ ስለዚህ ከዘፋኝ ጋር ለመጫወት አንድ ብቻ አይበቃም። በገና አሥር ክር አለው፣ የጸሎት ነው፣ በዐቢይ ጾም በየቤተ ክርስቲያኑ የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ለአፓርታማ ኑሮም ይመቻል። ከበሮ ግን ከላይ ያለው ጎረቤት ፖሊስ ይጠራባችኋል።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር ልበል። ጉምሩክ ላይ ቆዳ ያለበትን መሣሪያ አስመዝግቡ፣ በተለይ አውስትራሊያ። ፀጉሩ ያልተላጨ ከበሮማ ባታመጡት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 አሜሪካ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ በመጣ ያልተለፋ ቆዳ ከበሮ የሚሠሩ ሰዎች አባ ሰንጋ ይዟቸው ነበርና ቁጥጥሩ ለክፋት አይደለም። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ክረምት ላይ ከማሞቂያው አርቁት። ደረቅ አየር ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ሲብስም ይሰነጥቀዋል።

"ሥራው፣ ሹፌርነቱ፣ ልጁ፣ ጊዜ የለኝም" የምትሉም አላችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ ቀረ። ለዓመታት ዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም መድረክ ጠራው፣ ጣቶቹ አልዛጉም ነበርና ሄደ።

አሁን ወደ ማታው ጨዋታ። በፈረንጆቹ ጁላይ መጀመሪያ አካባቢ በሚውለው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ሳምንት ትልልቅ ኮንሰርት አለ፣ ከወዳጅ ለመገናኘት ደስ ይላል። ሙዚቃውን ለመስማት ግን ትንሽ ሬስቶራንት ውስጥ በአዘቦት ቀን የሚጫወት ባንድ እመርጣለሁ። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰዓት በር የሚከፈትበት ነው፣ ዘፋኙ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከመጣ ዕድለኛ ናችሁ። ቀን ላይ ትንሽ ተኙ። "የዘፋኙ ጓደኛ ነኝ" ብላችሁ በር ላይ አትከራከሩ፣ ባንዱ የሚከፈለው ከመግቢያው ነው። አዝማሪ ካለ ስንኝ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። "ተቀበል!" ብላችሁ ስትሰጡት በመሰንቆው አዙሮ ይመልስላችኋል። ሽልማት በእጃችሁ ይሁን፣ ዘርዘር ያለ ዶላር ቀድማችሁ ያዙ።

የሚያበሳጨኝ ሰርጋችን ነው። ለአዳራሽ፣ ለዲኮርና ለቪዲዮ ገንዘብ ሲረጭ ያመሽና ሙዚቃው ላይ ሲደርስ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ይመጣል። ከበሮውም፣ ሳክሱም፣ መሰንቆውም ከዚያች ሳጥን ነው የሚወጣው። ከአበባው ትንሽ ቀንሱና ቢያንስ አንድ ሰው ጨምሩ፣ መሰንቆ ወይ ሳክስፎን። ልጆቹ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ በዓይናቸው ይዩ። ስፒከርና ማይክ ማን እንደሚያመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ፣ ከተመሸ የተጨማሪው ሂሳብ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ቀብዱንም በጊዜ ስጡ። ራታቸውን ደግሞ ከጨዋታው በፊት ይብሉ፤ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀዘቀዘ ወጥ አታስቀርቡላቸው።