ከአራት ኪሎ ቅርብ፣ ሰው የማይበዛበት ሣራማ ኮረብታ

እህቴ፣ አራት ኪሎ እንደምትኖሪና እሁድ ጠዋት ከእናትሽ ጋር ሣር ያለበት፣ ጸጥ ያለ ኮረብታ መውጣት እንደፈለግሽ አየሁ። ብዙዎች እንጦጦ ፓርክ ብለውሻል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ጥሩ ነው፣ ግን እሁድ ጸጥታ አይገኝበትም። እኔ የምልሽ ከእንጦጦ ማርያም አለፍ ብሎ በሱሉልታ በኩል ያለውን ገላጣ ነው።

በስድስት ኪሎ አድርጋችሁ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ እስከ ማርያም። ቀሪው በእግር ነው። ከተማውን የሚያየው ጎን ባሕር ዛፍ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ሣር እንደልብ አይበቅልም። ጀርባውን ስትይዙ ዛፉ ይሳሳል፣ ሣሩ ይጀምራል።

እናትሽን አታስቸኩያቸው። ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ጤነኛ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አባቴን ስወስዳቸው ሄድ ቆም እያሉ ነው የወጡት፣ በቆሙ ቁጥር ደግሞ የልጅነታቸውን ወሬ ያነሱ ነበር፣ እኔ ከመንገዱ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ጫፉ ላይ ይህን ንገሪያቸው፦ በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ በሰሜን በኩል ያለው ወደ ዓባይ ይሄዳል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ቆመው ግራ ቀኙን ደጋግመው አዩ።

ደስ የሚለው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቀነስ ብሎ አደይ ሳይረግፍ። ግን አደራ፣ ሣሩ ባለቤት አለው። ለድርቆሽ የተጠበቀ ሣር ሳይታጨድ በመሃሉ ማለፍ የሰው ልፋት መርገጥ ነው። ዳር ዳሩን ያዙ። እረኛ ስታገኙ ሰላም በሉና በየት እንለፍ ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ «አካም ጅርቱ» ካልሽማ ፊታቸው ይበራል። የሚያዳልጠውን ቁልቁለትም፣ ኃይለኛ ውሻ ያለበትን ግቢም ያውቃሉ። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ ደግሞ ቀድማችሁ መንገድ ልቀቁ፣ ያን ሸክም ይዞ ዳር መውጣት ከባድ ነው።

ሁለት ሴቶች ብቻችሁን ከምትሆኑ ወንድም ወይም ጎረቤት ጨምሩ። ነፋሱ ብርዳም ስለሆነ ለእናትሽ ጋቢ ያዢላቸው። ጫካው ጅብ አለበት፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ማርያም ተመለሱ። እሁዱ ወር በገባ በ21 ላይ ከዋለ ግን ወደ ማርያም የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው፣ ታክሲውም ይጨናነቃል፣ ለሌላ ሳምንት አድርጉት።