መልስ፦ ዋሽንግተን መጀመሪያ የቦታ ስም ነው ወይስ የሰው?

ወንድሜ፣ የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ በመጀመሪያው ፕሬዝዳንት በጆርጅ ዋሽንግተን ከተሰየመች ቤተሰቡ ራሱ ስሙን ከየት አመጣው ብለህ ነው የጠየቅከው። ከቦታ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰንደርላንድ አጠገብ፣ ዛሬም ዋሽንግተን የሚባል ከተማ አለ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ደ ኸርትበርን የሚባል ባላባት እዚያ ርስት ያዘ። ያኔ መኳንንቱ የሚጠሩት በያዙት መሬት ስለነበር የድሮ መጠሪያውን ትቶ «ደ ዌሲንግተን» ተባለ፤ ዌሲንግተን የዋሽንግተን የድሮ አጠራር ነው። «ደ» ማለት «የ» ነው፤ የዌሲንግተኑ ዊልያም እንደማለት። አንዳንዶች ስሙን «ማጠብ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ፈጽሞ አይገናኝም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቱን» የእርሻ ይዞታ ነው። ፊተኛው ክፍል ደግሞ የሰው ስም ነው፣ ሁዋሳ። ስለዚህ ቦታው ራሱ ከሰው ነው የተሰየመው!

ከዚህ ቤተሰብ የወጣው የጆርጅ ቅድመ አያት ጆን ዋሽንግተን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የገባው በ1650ዎቹ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ይህን ነው። ዲሲ የምትኖሩ በየቀኑ የምታዩት ባንዲራ፣ ሦስት ቀይ ኮከብና ሁለት ቀይ መስመር ያለበት፣ የተወሰደው ከዚሁ የእንግሊዝ ቤተሰብ አርማ ነው። ከተማዋ ባንዲራ ያደረገችው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው።