ድምጿንም ፊቷንም ለቃሉ የሰጠች፦ አቢ ሊንከን

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር ሆቴሎች በአንዱ ቅዳሜና እሑድ ማታ ከባንድ ጋር እዘፍናለሁ፤ በሳምንቱ መካከል ደግሞ ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር ልምምድ አለኝ። ቤተሰቦቼም የባንዱ ልጆችም «ሁለት ያባረረ አንድም አይዝም» እያሉ አንዱን እንድመርጥ ይወተውቱኛል። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ስለ ባቡር ሐዲድ ሠራተኛና ስለ አንዲት መምህርት ፍቅር የሚተርክ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም አሳየኝ። መምህርቷን ሆና የተጫወተችው አቢ ሊንከን የታወቀች የጃዝ ዘፋኝ እንደሆነች ሲነግረኝ ተገረምሁ። ይህች ሴት ማን ናት? ሁለቱንስ ሙያ እንዴት ይዛ ዘለቀች?
*(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያዩት ፊልም በ1964 የተሠራው «ናቲንግ በት ኤ ማን» ነው (በዚህ መልስ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አቢ ሊንከን በዚያ ፊልም ጆሲ የተባለችውን የሰባኪ ልጅ ሆና፣ ከአይቫን ዲክሰን ጋር በአላባማ የሚኖሩ ጥቁር ባልና ሚስትን ሕይወት ትጫወታለች። ፊልሙ በ1993 አሜሪካ በቅርስነት ከምትጠብቃቸው ፊልሞች መዝገብ ገብቷል።

ዘፋኟ በ1930 ቺካጎ ውስጥ ከ12 ልጆች አሥረኛ ሆና ተወለደች፤ ያደገችው ግን በሚሺጋን ገጠር ነው። በቤታቸው የነበረውን ፒያኖ ያለ አስተማሪ በራሷ ጣት እየፈለገች ትነካካ ነበር፤ የታወቀችውን የጃዝ ዘፋኝ የቢሊ ሆሊዴይንም ድምፅ የሰማችው በልጅነቷ ከሸክላ ማጫወቻ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዋ በሆኖሉሉና በሎስ አንጀለስ የምሽት ክበቦች ዘፈነች፤ የመጀመሪያ አልበሟንም በ1956 ቀዳች።

በዚያው ዓመት «ዘ ገርል ካንት ሄልፕ ኢት» በተባለ ፊልም ውስጥ ለአንድ ዘፈን ብቻ ብቅ አለች፤ የለበሰችውም ማሪሊን ሞንሮ ከ3 ዓመት በፊት በሌላ ፊልም የለበሰችውን ቀይ ቀሚስ ነበር። ፎቶግራፏ በመጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፣ ስሟም ተነሣ። እርሷ ግን ሰዎች ቀሚሱን ለማየት እንጂ ዘፈኑን ለመስማት እንደማይመጡ ፈጥና ተረዳች፤ ኋላም ቀሚሱን እሳት ውስጥ እንደጨመረችው ራሷ ተናግራለች። ለእኔ የሙያዋ እውነተኛ መነሻ ይህ ነው። በሆቴል መድረክ ላይ የሚቆሙ እንደ እርስዎ ያሉ ድምፃውያን፣ ከዘፈኑ በፊት ስለ አለባበሳቸው ትእዛዝ የሚሰጣቸው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው እዚህ ላይ የቆየሁት።

ከዚያ በኋላ መንገዷን የለወጠው ኋላ ባሏ ከሆነው ከድራም ተጫዋቹ ከማክስ ሮች ጋር መገናኘቷ ነው። በ1960 አብረው የቀዱት «ዊ ኢንሲስት» የተሰኘው አልበም የጥቁሮችን የነፃነት ጥያቄ በግልጽ ያነሣ ሥራ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ሻርፕቪል በፖሊስ ጥይት ለተገደሉት ጥቁር ሰልፈኞችም ኀዘኑን ይገልጻል። ከውስጡ አንዱ ክፍል ድምፅና ከበሮ ብቻ ነው፤ አንድም ቃል የለበትም። ጸሎት በሚመስል ዜማ ይጀምርና መካከሉ ላይ ሲደርስ አቢ ሊንከን ከአንድ ደቂቃ በላይ ትጮኻለች። መጀመሪያ ስሰማው ደንግጬ ድምፁን ቀነስሁ። ደግሜ ስሰማው ግን ትዝ ያለኝ የእኛው አገር ለቅሶ ነው፤ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ቆይታ ግጥሙ አልበቃ ሲላት ድምጿ ብቻ የሚቀርበት ያ ጊዜ።

እንግዲህ ይህ ጩኸት ዘፈን ነው ወይስ ትወና? ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ ከዚህ ይነሣል። አቢ ሊንከን ሁለት ሙያ አልነበራትም። ስትዘፍን ቃሉን የምትናገረው ሰው ትሆናለች፤ ስትተውንም የአረፍተ ነገሩን ዜማና የዝምታውን ርዝመት በጆሮዋ ትለካለች። ባሕር ዳር ለምንኖር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብተው አንዲት አዝማሪ ከእንግዳ ግጥም ስትቀበል ያስተውሉ፦ «ተቀበል» ባዩ ስንኙን ሳይጨርስ ዓይኗ ይለወጣል፣ ትከሻዋ ቀድሞ ይመልሳል፣ ድምጿ ለጌታው አንድ ዓይነት፣ ለተረበኛው ሌላ ዓይነት ይሆናል። እርሷን ዘፋኝ ነሽ ወይስ ተዋናይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ክራር ደርዳሪዋና ድምፃዊቷ አስናቀች ወርቁም በቴአትር መድረክ የታወቀች ተዋናይ ነበረች።

ስለ ድምፅ አጠቃቀሟ አንድ ነገር ልጨምር። በ1961 «ስትሬት አሄድ» የተባለውን አልበም ስትቀዳ፣ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹንና ዜማ ደራሲውን የቴሎኒየስ መንክን «ብሉ መንክ» ራሷ ግጥም ጽፋለት ዘፍናው ነበር። መንክ ወደ ስቱዲዮው መጥቶ ሲሰማ ቆየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ይህን ያህል እንከን የለሽ አትሁኚ» አላት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ኋላ ግን ሳይሳካ ሊቀር የሚችለውንም ለመድረስ ሞክሪ ማለቱ እንደሆነ ተረዳች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቅጂዎች ድምጿ ከኖታው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲንገላታ፣ ቃሉም ከምቱ ዘግየት ብሎ ሲወድቅ ይሰማል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን እንድናምናት ያደረገን ይኸው ነው ባይ ነኝ።

የከፈለችውን ዋጋም ልሸሽግዎ አይገባም። ያንኑ አልበም አንድ ሐያሲ በጃዝ መጽሔት ላይ ክፉኛ ነቀፈው፤ ነቀፌታውም ከዘፈኑ ይልቅ በጥቁርነቷ በመናገሯ ላይ ያነጣጠረ ነበር። ከዚያ በኋላ በስሟ ሌላ አልበም የቀዳችው በ1973 ነው፤ እርሱም በጃፓን። በመካከሉ በትወናው ጎን በ1968 ከሲድኒ ፖይቲየር ጋር «ፎር ላቭ ኦፍ አይቪ» በተባለው ፊልም ሥራዋን ለቅቃ መሄድ የምትፈልግ የቤት ሠራተኛ ሆና ተጫውታ ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጨች፤ ይሁን እንጂ ሆሊውድ ለእንደ እርሷ ያለች ሴት ያዘጋጀው ሚና እጅግ ጥቂት ነበር። በ1970 ከማክስ ሮች ጋር ከተፋታች በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ በዩኒቨርሲቲ ድራማ አስተማረች። በእነዚያ ዓመታት አንዱ ሙያ ሲዘጋ ሌላው መጠለያ ሆኗታልና፣ እርስዎም ልምምድዎን በሰው ምክር ብቻ ባያቋርጡት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከላይ የተነሣችው ዘፋኝ በአንድ ቦታ «አሚናታ ሞሴካ» ተብላ ተጽፋ አይቻለሁ። አንድ ሰው ናት? ስሟንስ ለምን ለወጠች?
*(መምህር፣ ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ አንድ ሰው ናት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አና ማሪ ዉልድሪጅ ነው። «አቢ ሊንከን» የሚለውን ያወጣላት የዘፈን ግጥም ጸሐፊው ቦብ ረስል ሲሆን፣ የለንደኑን ዌስትሚንስተር አቢ ከፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ስም ጋር አጋጥሞ ነው። በ1970ዎቹ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ድምፃዊት ከሚሪያም ማኬባ ጋር ወደ አፍሪካ ተጉዛ ሳለ፣ በጊኒ «አሚናታ»፣ በዛየር «ሞሴካ» የሚሉ ስሞች ተሰጧት። ሁለቱንም ተቀብላ ያዘቻቸው እንጂ የቀድሞውን አልጣለችም።

ከዚህ ጉዞ በኋላ የራሷን ግጥምና ዜማ በብዛት መድረስ ጀመረች፤ ብዙ ሰው የሚያውቃትም 60 ዓመት ሊሞላት ሲል ለሙዚቃ አሳታሚው ለቨርቭ ኩባንያ በቀዳቻቸው አልበሞች ነው። መስማት ለሚፈልጉ በ1991 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከስታን ጌትስ ጋር የሠራችውን «ዩ ጎታ ፔይ ዘ ባንድ» እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። ጌትስ በጉበት ካንሰር ታምሞ ነበር፤ አልበሙን ከቀዳ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞተ። ሳክስፎኑ እየተነፈሰ ቦታ ሲለቅላት፣ እርሷም ቃሏን ሳትቸኩል ስታኖር ይሰማል። የመጨረሻዋ የሆነው «አቢ ሲንግስ አቢ» በ2007 ወጣ፤ ኦገስት 14 ቀን 2010 ኒው ዮርክ ውስጥ በ80 ዓመቷ አረፈች።