ደራሲው ሲያስተዋውቅ መጽሐፉ ይሸጣል?

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ያተኮሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ የልቦለድ ደራሲ የራሱን መጽሐፍ ማስተዋወቁ ሽያጩን በእርግጥ ይለውጠዋል ወይ? አራቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልቦለዴ ከወጣ አምስት ወር ሆነው። አሳታሚዬ በየቀኑ ስለ መጽሐፉ እንድጽፍና ቪዲዮ እንድሠራ ይወተውተኛል። ጊዜዬ በዚያ እያለቀ ሦስተኛውን መጻፍ አልቻልኩም። እውነት ይጠቅማል ወይስ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው? (ጊዜ ያጠረኝ)

መልስ፦ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው በሚያስበው ቦታ ላይ አይደለም። እርስዎ የሚያደርጉት ማስተዋወቅ የሚወስነው የመጀመሪያዎቹን አንባቢዎች ቁጥር ነው። የቀረውን የሚወስነው ያነበበው ሰው ላላነበበው የሚያወራው ነው።

በቁጥር እንየው። በእርስዎ ጥረት 300 ሰው ገዛ እንበል። ካነበቡት 100 ሰዎች ወሬ 50 አዲስ ገዢ የሚመጣ ከሆነ፣ 300ው 150 ያመጣል፣ 150ው ደግሞ 75፤ እንዲህ እየሳሳ ሄዶ በድምሩ 600 አካባቢ ይቆማል። ከ100 ሰዎች ወሬ 90 ገዢ የሚመጣ ከሆነ ግን ያው 300 ሰው ድምሩን ወደ 3,000 ያደርሰዋል። በመጀመሪያው ሁኔታ ላይ ሆነው የማስተዋወቅ ልፋትዎን እጥፍ ቢያደርጉና 600 ሰው ቢያስጀምሩ እንኳ የሚያገኙት 1,200 ነው። ለዚህ ነው አንድ ደራሲ ቀን ከሌት እየለፋ ሽያጩ ንቅንቅ የማይለው፣ ሌላው ደግሞ ጥቂት ሠርቶ ብዙ የሚሸጠው።

ታዲያ ዝም ይሻላል? አይሻልም። ኤሌና ፌራንቴ በሚል የብዕር ስም የሚጽፉት ጣሊያናዊት ማንነታቸውን ሳይገልጹ፣ ፊታቸውንም ሳያሳዩ መጻሕፍታቸው በሚሊዮኖች ተሽጠዋል። ነገር ግን እርሳቸው ዝም ሲሉ ስለ መጽሐፎቹ አሳታሚዎች፣ ተርጓሚዎችና ሐያሲያን ተናግረዋል። ጥሩ መጽሐፍ ራሱን ይሸጣል ለሚሉ ደግሞ የ2013 (እ.ኤ.አ.) ታሪክ መልስ አለው። የ“ሃሪ ፖተር” ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ፣ ሮበርት ጋልብሬዝ በሚል የብዕር ስም ያወጡት የወንጀል ልቦለድ ጥሩ ሂስ አግኝቶም በብሪታኒያ በጠንካራ ሽፋን የተሸጠው ወደ 1,500 ቅጂ ብቻ ነበር። በሐምሌ ወር የደራሲው ማንነት ሲታወቅ ግን በቀናት ውስጥ ከሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ከመጽሐፉ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ያልታወቀ መጽሐፍ ምንም ጥሩ ቢሆን፣ አንባቢ እንዳለ ካላወቀ አይገዛውም።

የተከታይ ብዛትም አያታልልዎ። ዘፋኟ ቢሊ አይሊሽ በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ስታወጣ በኢንስታግራም 97 ሚሊዮን ተከታዮች ነበሯት፤ በወጣበት ዓመት የተሸጠው 64 ሺህ ቅጂ ገደማ ነው። ከሺህ ተከታይ አንድ ገዢ እንኳ አልወጣም ማለት ነው። መጽሐፉ ልቦለድ ባይሆንም ነጥቡ ያው ነው፤ “ላይክ” ማድረግ ምንም ዋጋ አይጠይቅም፣ መጽሐፍ ማንበብ ግን ገንዘብና የብዙ ሰዓት ጊዜ ይጠይቃል።

ለእርስዎ የምንመክረው ይህን ነው። በየቀኑ መለጠፉን ያቁሙ፤ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ሲቀርብ አንባቢን እጅ እጅ ይለዋል፣ ማኅበራዊ መድረኩም ሰው ያልነካካውን ጽሑፍ ለጥቂቶች ብቻ ወደ ማሳየት ይሄዳል። ትልቁ ጉልበት መዋል የነበረበት መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነበር። አሁን በሳምንት ግማሽ ቀን ይመድቡ፣ የቀረውን ለሦስተኛው ይስጡ። አዲስ መጽሐፍ ለቀድሞዎቹ ማስታወቂያ ነው። ክሬግ ጋርትዌይት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ የአሜሪካዊቷን የቴሌቪዥን አቅራቢ የኦፕራ ዊንፍሬን የመጽሐፍ ክበብ ሲያጠኑ፣ የተመረጠው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የዚያው ደራሲ ሌሎች መጻሕፍት ሽያጭም እንደጨመረ አግኝተዋል። አሳታሚዎም ይህን ስሌት ቢያዩት ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልቦለዴ በአንድ ጋዜጣ ክፉኛ ተተቸ። ሊንኩን ላጋራው ወይስ ጆሮ ዳባ ልበስ ልበል? (ጀማሪ)

መልስ፦ ያጋሩት። በርገር፣ ሶረንሰንና ራስሙሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ የወጣ አሉታዊ ሂስ የታዋቂ ደራስያንን ሽያጭ በ15 በመቶ ሲቀንስ የማይታወቁትን በ45 በመቶ ጨምሯል። ምክንያቱ ሰው ስድቡን እየረሳ ርዕሱን ማስታወሱ ነው። እርስዎ ጀማሪ ስለሆኑ ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል። ከሐያሲው ጋር ግን አደባባይ ወጥተው አይከራከሩ፤ ወሬው ከመጽሐፉ ወደ ጠቡ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ሰጠሁ፣ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ፣ ምረቃም አዘጋጀሁ። የትኛው እንደሸጠ እንዴት አውቃለሁ? (መ. ተ.)

መልስ፦ ሦስቱንም በአንድ ሳምንት አድርገው ከሆነ አያውቁትም። ከአሁን በኋላ ግን ሊለኩት ይችላሉ።

በቅድሚያ ለ4 ሳምንት ምንም ሳያስተዋውቁ የየሳምንቱን ሽያጭ ይመዝግቡ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ለመደብሮች የተከፋፈለውን ቅጂ እንደተሸጠ በመቁጠር ነው። መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። የአሳታሚ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ሦስት አራት መጽሐፍ ሻጮችን መርጠው በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን “ስንት ቀረ?” ብለው ይጠይቁ። በኢንተርኔት የሚሸጥ ከሆነ ቁጥሩን በየቀኑ ያገኙታል።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፣ ሁለት ሳምንትም ይጠብቁ። ሰምቶ ወዲያው የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው ርዕሱን ሁለት ሦስቴ ከሰማ በኋላ ነው እጁን ኪሱ የሚከተው። ሊንክ የሚያጋሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ሊንክ ወይም የተለየ የቅናሽ ኮድ ይስጡ፣ ገዢው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ይለያል። ምረቃ ላይ ወዳጅ ዘመድ የገዛውን ለብቻው ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ አይገዛም።

ውጤቱን ሲያነቡ አይቸኩሉ። የአራቱ ሳምንት ሽያጭ 8፣ 6፣ 11 እና 7 ከነበረ፣ ከቃለ መጠይቁ በኋላ 11 መሸጡ ምንም አይነግርዎም፤ ያለ ቃለ መጠይቅም 11 ተሽጦ ነበር። 25 ከሆነ ግን አንድ ነገር ሠርቷል። በመጨረሻ የጨመረውን ቅጂ በፈጀብዎ ሰዓት ያካፍሉት። ለአንድ ቪዲዮ 10 ሰዓት ፈጅተው 5 ቅጂ፣ በግማሽ ሰዓት ለኢሜይል አንባቢዎችዎ በላኩት ደብዳቤም 5 ቅጂ ከሸጡ፣ ደብዳቤው 20 እጥፍ ይበልጣል።

የመጀመሪያ መጽሐፍ ካለዎት እሱንም አብረው ይቁጠሩ። አንዳንዴ ጭማሪው የሚታየው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የተከፈለበት ማስታወቂያ ያዋጣል? ደግሞስ ራሴን ማወደስ ነውር ይሆንብኛል። (ዓይናፋር)

መልስ፦ ከማስታወቂያው እንጀምር። ከአንድ ቅጂ የሚደርስዎ 30 ብር፣ የአንድ ጠቅታ ዋጋ (አንድ ሰው በኢንተርኔት ማስታወቂያዎን ሲጫን የሚከፍሉት) 2 ብር ቢሆንና ከ20 ጠቅታ አንድ ገዢ ቢወጣ፣ ለአንድ ሽያጭ 40 ከፍለው በእያንዳንዱ ቅጂ 10 ይከስራሉ። በዚህ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ማፍሰስ ኪሳራውን ማብዛት ነው። መጀመሪያ ሽፋኑንና የጀርባ ሽፋን ጽሑፉን ያስተካክሉ፤ በ12 ጠቅታ አንድ ገዢ ከመጣ ወጪዎ 24 ይሆንና 6 ይተርፋል። ተከታታይ ልቦለድ ላለው ስሌቱ ይለያል። ከ10 ገዢዎች 4ቱ ሁለተኛውን ክፍል ከገዙ፣ በእያንዳንዱ ገዢ ላይ በአማካይ 12 ስለሚጨምር ያው 40 ወጪ 42 ያስገባል። አንድ ልቦለድ ብቻ ላለው ጀማሪ ግን አንመክርም።

ስለ ነውሩ፦ ራስዎን ሳይሆን ታሪኩን ያሳዩ። “አዲሱ መጽሐፌ ወጥቷል፣ ገዝታችሁ አንብቡ” የሚል ልጥፍ ለጸሐፊውም ያሳፍራል፣ አንባቢም ያልፈዋል። “ሻንጣውን ስትከፍት ከልብሶቹ ሥር የራሷን የቀብር ወጪ ደረሰኝ አገኘች፤ ቀኑ የመጪው ማክሰኞ ነው” ብሎ የሚጀምር ቅንጫቢ ግን ማንንም አያወድስም፣ ሰውን ግን ያስቆማል። ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከልቦለዱ የመጀመሪያ ሩብ ይውሰዱ፣ ከሥሩ ርዕሱንና የሚገኝበትን ቦታ ብቻ ይጻፉ።

ለዓይን አፋር ደራሲ ከሁሉ የሚመቸው ቦታ ደግሞ የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ነው። አንባቢው ታሪኩን ገና በጨረሰበት፣ ልቡ በሞቀበት ሰዓት የሚያገኘው እሱን ነው። ሦስት መስመር ያስቀምጡ፦ ምስጋና፣ “ከወደዱት ለአንድ ሰው ይንገሩ” የሚል ጥያቄ፣ ቀጣይ ሥራዎ ሲወጣ የሚያውቁበት አድራሻ። ይህን ለአሳታሚዎ የሚነግሩት መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው።