የአንባብያን ጥያቄ፦ የኒውሄቨን ሰዎች ለምን ተደግፈው ቆሙ?

ጥያቄ፦ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ፣ ኒውሄቨን በተባለ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር የተነሱ ፎቶዎች አየሁ። ወንዶቹ ጀልባ ተደግፈዋል፣ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰማዩ ባዶ ነጭ ነው፤ ፊታቸው ደግሞ ጠቁሯል። በእርግጥ ሥራ ላይ እያሉ ነው የተነሱት?

መልስ፦ ሰዎቹም፣ ልብሱም፣ ቅርጫቱም የመንደሩ ናቸው፤ አቋቋማቸው ግን የተዘጋጀ ነው። አንሺዎቹ ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ሮበርት አዳምሰን በካሎታይፕ ዘዴ ነበር የሚሠሩት። (የዘዴው ፈልሳፊ ታልቦት በ1841 በእንግሊዝ ያወጣው የካሎታይፕ ፓተንት ስኮትላንድን ስለማይነካ ፈቃድ መግዛት አላስፈለጋቸውም።)

በካሎታይፕ ኔጋቲቩ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላ ተገልብጦ የሚወጣበት፣ ፎቶው የሚታተምበት የመጀመሪያው ምስል፣ ራሱ ወረቀት ነው። ጥሩ የመጻፊያ ወረቀት ሲልቨር ናይትሬት ይቀባና ይደርቃል፤ ከዚያ ፖታስየም አዮዳይድ ውስጥ ተነክሮ ይታጠባል። ሊያነሱበት ሲሉ በሻማ ብርሃን ሲልቨር ናይትሬት፣ አሴቲክ አሲድና ጋሊክ አሲድ የተቀላቀለበትን ፈሳሽ በብሩሽ ይደርቡበታል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በጠራራ ፀሐይ ሌንሱ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተከፍቶ ይቆያል።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ መረብ የሚጎትት እጅ ጭጋግ ይሆናል፤ ውኃ ላይ የሚወዛወዝ ጀልባም እንደዚያው። ስለዚህ ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ትከሻ መደገፊያ፣ እጅም ኪስ ወይም የቅርጫት ጠርዝ ይፈለግለታል። የዐይን መርገብገብ ቅጽበት ስለሆነ ምልክት አይተውም፤ አንገት ትንሽ ዘንበል ካለ ግን ፊት ይደበዝዛል። ፎቶውን ሲያዩ ከፊት ይልቅ እግርና ክርን ምን ላይ እንዳረፈ ይመልከቱ፤ አዘጋጁ ምን እንዳሰበ የሚያሳብቀው እሱ ነው።

ሰማዩን በተመለከተ፣ ሲልቨር ናይትሬትና ፖታስየም አዮዳይድ ወረቀቱ ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረው ሲልቨር አዮዳይድ የሚሰማው በዋናነት ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ነው፤ ቀይ አይሰማውም። ሰማዩ ኔጋቲቩን ጨርሶ ስለሚያጠቁረው ሲታተም ነጭ ይወጣል። ፀሐይና የባሕር ነፋስ ያቀላው ፊት ደግሞ ከመጠኑ በላይ ይጠቁራል። ሻካራ የሚመስለው ነገር የወረቀቱ ቃጫ ነው፤ ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ ሲታተም አብሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የአሮጌ ፎቶ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ የሚጠፋው በዕድሜ ብቻ ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው በእጥበት ጉድለት ነው። ምስሉን የሚያጸናው ሃይፖ በደንብ ታጥቦ ካልወጣ በውስጡ ያለው ድኝ ምስሉን የሠራውን የብር ማዕድን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ እርጥበት ያፋጥነዋል። እንደገና ለማጠብ አይሞክሩ። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡት፤ አስቀድመው ግን በስካነር ቅጂ ይያዙለት።